«ጠበሰኝ» እና «እለቅብሻለሁ»፦ የታዳጊ ልጆቻችንን የፍቅር ቋንቋ መስማት

አንድ የሰሜን ሸዋ ወላጅ የልጁን ስልክ አንስቶ ቢያነብ የተጻፈው ሁሉ ላይገባው ይችላል። ከፊሉ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። ከፊሉ የእንግሊዝኛ ቃል እየተቆረጠ የገባበት ነው። የቀረው ደግሞ እኛ በሌላ ትርጉም የምናውቀው የገዛ ቃላችን ነው። አደገኛው ይሄኛው ነው፤ የገባን ስለሚመስለን።

ሁለት አባባሎችን ጎን ለጎን እንያቸው። የመጀመሪያው «ጠበሰኝ» ነው። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለጓደኛዋ ይህን ጽፋ ብትገኝ የብዙ እናት ደም ይፈላል። ሁለተኛው «እለቅብሻለሁ አለኝ» ነው። ይህን ያየች እናት «ተጣልተው ሊለያዩ ነው፣ እሰይ!» ብላ ስልኩን ልትመልሰው ትችላለች። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። «ጠበሰኝ» በአብዛኛው «አነጋገረኝ፣ እኔም እሺ አልኩት» ማለት ነው። «እለቅብሻለሁ» ደግሞ «ፎቶሽን ወይም ቪዲዮሽን ለሰው እበትነዋለሁ» የሚል ዛቻ ነው። በመጀመሪያው ለግርፋት ቀበቶ የሚፈታ፣ በሁለተኛው እፎይ የሚል ወላጅ ልጁን በጭንቋ ሰዓት ብቻዋን ይተዋታል።

ቃላቱን መሸምደድ ብዙም አያዋጣም። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የሚባለው ለከርሞ ይለወጣል። ወላጅ ያወቀው ዕለት ደግሞ ልጆቹ ይጥሉታል፤ መጀመሪያውኑ የተፈጠረው ወላጅ እንዳይሰማው ነው። የሚያዋጣው ጆሮን ሌላ ነገር ላይ መጣል ነው፦ ማን፣ በማን ላይ፣ ምን እያደረገ ነው?

ስንቅ እና ስልክ

ጉዳዩ በእኛ ዞን የሚከብድበት የራሱ ምክንያት አለው። ከመንዝ፣ ከሞረትና ጅሩ፣ ከእንሳሮ፣ ከጣርማበር ገጠር የሚመጣ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ወደ ከተማ ይወጣል። ከሁለት ከሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። እሑድ ሽሮውን፣ ዳቦውንና በሶውን ተሸክሞ ይገባል፤ ዓርብ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መንገድ ሲዘጋ ወይም ጸጥታው ሲደፈርስ ደግሞ ሳምንታት ሳይመለስ ይቆያል። በመሃል ያለው ስልክ ብቻ ነው። «በላሽ?» «ፈተና መቼ ነው?» «ብሩ ደረሰሽ?» ጨዋታችን ከዚህ አያልፍም።

ከተሞቹም ተለውጠዋል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ያለች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ፋብሪካው በረከተ፤ የኢንዱስትሪ ፓርክም መጣ። ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢትም ሌት ተቀን መንገደኛ የሚያልፍባቸው ከተሞች ናቸው። ይህ እድገት ነው፣ የምንፈልገውም ነው። ግን ደመወዝ የሚቆጥር ትልቅ ሰው እና ስንቋ ረቡዕ ላይ ያለቀባት ተማሪ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ቃላቱን ስንሰማ ይህንን አብረን ማሰብ አለብን።

ብዙዎቹ ቃላት ንጹህ ናቸው

በቀደም ደብረ ብርሃን ውስጥ ወደ ጠባሴ በሚሄድ ባጃጅ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ልጆች «እሷማ ፎንቃ ይዟታል» ሲባባሉ ሰማሁ። አጠገባቸው የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ደንገጥ ብለው «ምን ዓይነት በሽታ ነው ልጆቼ? ጸበል አልወሰዷትም?» አሉ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ከሁለቱ አንዷ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ «በሽታ አይደለም እማማ፣ ልጅ ወድዳ ነው» አለቻቸው። «እንዲያ ነው እንዴ! እሱስ ያገኛል» አሉ እማማ፣ ራሳቸውም እየሳቁ። ልጆቹ እስኪወርዱ ድረስ አብረዋቸው ሲጫወቱ ነበር።

እማማ ያደረጉት ቀላል ይመስላል። ያልገባቸውን ጠየቁ፣ መልሱን ሲሰሙም አልተቆጡም። እኛ ቤት ውስጥ የሚጠፋው ይኼ ነው።

«ፎንቃ» ፍቅር ነው፤ ያውም ያ የመጀመሪያው፣ ምግብ የሚያስጠላው ዓይነት። «ክራሽ» በሩቁ የሚወደድ ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜ ሰውየው ራሱ አያውቅም። «መጀንጀን» በወሬ ለማማለል መሞከር ነው። «መጥበስ» ደግሞ ጅንጀናው ሠርቶ ልጅቷ እሺ ስትል ነው። «ሪሌሽን ላይ ነች» ከተባለ ጓደኛ ይዛለች ማለት ነው፤ «ኤክስ» ድሮ አብሯት የነበረው ነው። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ አብረው ተኝተዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ በራሱ መልስ የሚሰጥ ቃል የለም። የስምንተኛ ክፍል ልጅ «ሪሌሽን» ሲል በእረፍት ሰዓት አብሮ መቆምንና ማታ «ደህና እደሪ» መባባልን ሊሆን ይችላል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ሌላ ሊል ይችላል። በመልእክት መሃል የሚገቡ የአትክልትና የፍራፍሬ ሥዕሎች (ኢሞጂ) አሉ፣ አንዳንዶቹ የሰውነት ክፍልን ይወክላሉ። በግምት ከመፍረድ መጠየቅ ይሻላል።

እኛስ ብንሆን? በጥምቀት የተወረወረች ሎሚ ምን እንደምትል የማያውቅ አልነበረም። በሠርግ ቤት የሚወረወረው ሁለት ስንኝ ለአንዷ ብቻ ተብሎ እንደሚገጠም ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማንም ግን ስም አይጠራም። «ከንፈር ወዳጅ» የሚባል ነገርም ነበር፤ እስከየት እንደሚኬድ ወሰኑ የታወቀ። ደብዳቤ በጓደኛ እጅ ይሄድ ነበር። ልጅነት ሲያልፍና ጉርምስና ሲመጣ ሰው በሽፍን መናገር ይወዳል። ሴት ልጅ ላይ ለውጡ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ወንድ ልጅ ላይ ከ9 እስከ 14 ባለው ጊዜ ይጀምራል። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ «ክራሽ» ብትል አልተበላሸችም።

ልዩነቱ ሎሚው ተወርውሮ፣ ግጥሙም ተዘፍኖ እዚያው መቅረቱ ነው። የዛሬው መልእክት አይቀርም። ስክሪንሾት (የስልኩ ገጽ ፎቶ) ይደረጋል፣ ይላካል፣ ከዓመት በኋላ ይመለሳል።

«-ብኝ» ስትሰሙ ቁሙ

ልጆች ሲያወሩ ግሱን ስሙት። «ጀመርን»፣ «ተዋወቅን»፣ «ተኳረፍን»፣ «ታረቅን» ሲሉ ሁለት ሰዎች አሉ፣ ሁለቱም ያደርጋሉ። ይህ ምክር ሊፈልግ ይችላል፣ ድንጋጤ ግን አይፈልግም።

«ጠበሳት»፣ «አወጣት» ሲሆን አድራጊው አንድ ነው፣ ሌላዋ የሚደረግባት ናት። እነዚህን ቃላት እኔ በበኩሌ አልወዳቸውም። ወንዶች ልጆች እንደ ጀብድ ሲቆጥሯቸው እሰማለሁ፤ «ስንት ጠበስክ?» ይባባላሉ። ልጅዎ እንዲህ ሲል ከሰሙ ቁጣ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «እሷ ስትናገረው ምን ብላ ነው የምትናገረው?»

ሦስተኛው ግን «-ብኝ» እና «-ባት» ያለበት ነው። «ዛተብኝ»። «ለቀቀባት»። «ፎቶዬን ይዞብኛል»። እዚህ ላይ ፍቅሩ አልቋል፣ የቀረው ጉዳት ነው። ልጅቷ እየሳቀች ብትናገረው እንኳ፣ «ጓደኛዬን ነው» ብላ ብታዞረው እንኳ፣ የያዛችሁትን ሥራ አስቀምጡና ስሟት። ብዙ ልጅ የራሱን ጭንቅ በጓደኛ ስም ነው የሚሞክረው።

ከዚህ በፊት የሚመጣ ግፊትም አለ፣ እሱም የራሱ ቋንቋ አለው። «ፋራ አትሁኚ»። «ካመንሽኝ ላኪልኝ»። «ሁሉም ያደርገዋል»። «አልልክም ካልሽ አትወጂኝም ማለት ነው»። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ በተለይ ከገጠር ለመጣችና በአነጋገሯ ለተሳቀባት ልጅ፣ «ፋራ» መባል ከዱላ ይብሳል። ስለዚህ «እምቢ በይ» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም፤ እምቢ የምትልበት ቃል ስጧት። አንዱ ጥሩ መውጫ እኛው ነን፦ «እማዬ ስልኬን በየጊዜው ታየዋለች» ትበል። ባናየውም ትበል። ጥፋቱን በእኛ ላይ እንድታላክክ አስቀድመን እንፍቀድላት። ይህን በግልጽ ነግራችኋት ታውቃላችሁ?

«ሹገር ዳዲ» ቀልድ አይደለም

ልጆቹ «ሹገር ዳዲ» እያሉ ይሳሳቃሉ። ካርድ የሚሞላ፣ ስልክ የሚገዛ፣ የቤት ኪራይ የሚሸፍን ትልቅ ሰው ማለት ነው። ቃሉ ጣፋጭ ነው፣ ሕጉ ግን ለነገሩ ሌላ ስም አለው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። ተጎጂዋ ከእሱ ዘንድ የምትማር ወይም ቤቱ የምትሠራ ከሆነች ቅጣቱ ይከብዳል፤ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ አንቀጽ 627 ከዚያም ይብሳል። «ፈቅዳ ነው»፣ «ስጦታውን ተቀብላለች» የሚለው አያድነውም።

«በሽምግልና ይለቅ፣ ያግባትና ይሰብሰቡ» የሚሉም አሉ። ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ያለዕድሜ ማጋባትም በአንቀጽ 648 ያስጠይቃል። ሽማግሌን ማክበር ሌላ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅን ለበደላት ሰው መስጠት ሌላ።

ይህን ስናስብ ስንቁንም እናስብ። ልጅቷ ያልታወቀ አዲስ ስልክ ይዛ ስትመጣ «ከየት አመጣሽው?» ብሎ መጮህ ይቀናናል። ከዚያ በፊት ግን ስንቋ ስንት ቀን እንደሚያደርሳት፣ የወር ንጽሕና መጠበቂያ በምን እንደምትገዛ ጠይቀናት እናውቃለን? የብዙ «ሹገር ዳዲ» መግቢያ በር ይኼ ክፍተት ነው።

ፎቶው ከተላከ በኋላ

ልጆች «ችግር የለም፣ ይጠፋል» ይላሉ። ቴሌግራምም ዋትስአፕም አንዴ ታይቶ የሚጠፋ ፎቶ አላቸው፣ እውነት ነው። ግን ሌላ ስልክ አጠገቡ አቁሞ ስክሪኑን ማንሳት የሚከለክለው የለም። የቪዲዮ ጥሪም እንዲሁ ይቀረጻል። የተላከ ፎቶ ከእጅ ወጥቷል ብሎ ማሰብ ነው የሚሻለው።

ማስፈራሪያው ከመጣ ወላጅ ማድረግ ያለበት የመጀመሪያ ነገር መጮህ አይደለም። «ጥሩ አድርገሽ ነገርሽኝ። አብረን እንወጣዋለን» ማለት ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ልጅን ከሞት ያድናል ብል አላጋነንኩም፤ በእንዲህ ዓይነት ዛቻ ተስፋ ቆርጠው ራሳቸውን ያጠፉ ልጆች በብዙ አገር አሉ። ሌሊቱን ብቻዋን አትተዋት።

ከዚያ ወደ ሥራው። ዛቻውን ስክሪንሾት አንሱ፤ የአካውንቱ ስም፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ቀኑ ይታይ። የልጅቷን ፎቶ ግን አትቅዱ፣ «እዩት ጉዱን» ብላችሁ ለአጎትም ለአክስትም አትላኩ፤ የልጅን ገላ የሚያሳይ ምስል ማስተላለፍ ለዘመድ ቢሆንም ወንጀል ነው። ንግግሩን አታጥፉት፣ ማስረጃ ነው። ገንዘብ አትክፈሉ። አንዴ የተከፈለው ተመልሶ ይጠይቃል። ሳታውቁ የተከፈለ ካለ ግን የቴሌብር መልእክቱን አስቀምጡት፤ የተቀባዩ ስም እዚያ ላይ አለ።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ይህን ሁለት ቦታ ላይ ይነካዋል። አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የሚመለከት የብልግና ምስል መሥራትና ማሰራጨትን፣ እንዲሁም ልጆችን ለዚህ ማባበልን ይቀጣል። አንቀጽ 13 ደግሞ በኮምፒውተር ሥርዓት በሚተላለፍ መልእክት ወይም ምስል ከባድ ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ ማስፈራራትን ራሱን ወንጀል ያደርገዋል። ስለዚህ ፎቶው እስኪለቀቅ አትጠብቁ። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተለው ክፍል ዘንድ እንዲያቀርቧችሁ ጠይቁ።

ከወጣ በኋላም የሚሠራ ነገር አለ። «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፤ የአሜሪካ የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል በፈረንጆቹ 2023 የጀመረው ነው። የሚያገለግለው ከ18 ዓመት በታች ሳሉ ለተነሱ ምስሎች ነው። ፎቶው ከስልካችሁ አይወጣም። ስልኩ የምስሉን አሻራ የሚሆን ቁጥር ብቻ ያወጣል፤ እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያሉ ድርጅቶች በዚያ ቁጥር ምስሉን ፈልገው ያነሱታል። ቴሌግራም ቻናል ላይ ከሆነ እዚያው «ሪፖርት» አድርጉ፤ ጎረቤትም ዘመድም አብሮ ሪፖርት ያድርግ፣ ሳያጋራ።

አስቀድሞ የሚደረግም አለ። ቴሌግራም ካልቀየራችሁት ማንም ሰው ልጃችሁን ወደፈለገው ግሩፕ እንዲያስገባ ይፈቅዳል። በፕራይቬሲ ማስተካከያው ውስጥ ወደ ግሩፕ ማን ሊያስገባ እንደሚችል የሚወስነውን ከሁሉም ሰው ወደ ኮንታክት ብቻ ቀይሩት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቲክቶክ በራሱ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይፈቀድም፤ ከ16 በታች ያለ ደግሞ በግል መልእክት መጻጻፍ አይችልም። ልጆች ግን ሲመዘገቡ ዕድሜ ይጨምራሉ። የትውልድ ዘመኑን ስንት ብለው እንዳስገቡት አብራችሁ እዩት።

ወንዱ ልጅስ?

«ወንድ ምን ይሆናል» የሚለው አነጋገራችን ብዙ ልጅ አስጎድቶናል። በሐሰት የሴት አካውንት ወንዶች ልጆችን አባብሎ፣ በቪዲዮ ጥሪ ቀርጾ ገንዘብ መጠየቅ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋ ማጭበርበር ነው። «ቆንጆ ቺክ አገኘሁ» ብሎ ሲኩራራ የነበረ ልጅ ሦስት ቀን ሳይቆይ ምግብ ይጠላል፣ ብር ይበደራል፣ ስልኩ ሲጮህ ይደነግጣል። ሴት ልጅ ብትሆን እንጠረጥር ነበር። ወንድ ሲሆን «ጎረመሰ» ብለን እናልፋለን። እሱም አይናገርም፤ «ወንድ ሆነህ እንዴት ትሸወዳለህ» መባልን ይፈራል።

እንዴት ይጀመር?

ብዙ ወላጅ የሚፈራው «ካወራኋት ያላሰበችውን አሳስባታለሁ» ብሎ ነው። ፍርሃቱ ከፍቅር የመጣ ነው። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው መመሪያ የብዙ አገር ጥናቶችን አይቶ የደረሰበት ግን ሌላ ነው፦ ስለ ሰውነትና ስለ ግንኙነት ዕድሜን ያገናዘበ ትምህርት ማግኘት ልጆችን ወደ ድርጊቱ አይገፋም።

ፊት ለፊት ተቀምጦ «ና፣ ዛሬ ስለ ፍቅር እንወያያለን» ማለት ሁሉንም ያሳፍራል። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ይቀላል። ባቄላ እየተፈለፈለ፣ ቡና እየተቆላ፣ ወደ ገበያ አብሮ እየተሄደ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ሰፈር ውስጥ ያሉት ልጆች ‹ክራሽ› ሲሉ ሰማሁ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ኧረ እማዬ! ተዪው።»

«ልወቀው ብዬ ነው።»

«በቃ… ወደድኩት የምትዪው ሰው፣ ግን ያልነገርሽው።»

«እንዲያ። እኛም ነበረን፣ ስም ግን አላወጣንለትም። ከተነገረውስ በኋላ ምን ይባላል?»

እዚህ ላይ መቆም ይቻላል። «አንቺስ አለሽ?» ብሎ መዝለል አያስፈልግም፤ የዚያን ዕለት አትመልስም። ሌላ ቀን ራሷ ትመጣለች። ቃላቸውን አዋቂ መስሎ መጠቀም ደግሞ አይሞከር፤ አባት «ፎንቃ» ሲል ልጆች ከቤት መውጣት ይፈልጋሉ።

ለእናትና ለአባት የማይነገር ነገር መኖሩንም እንቀበል። ድሮም አክስት ነበረች፣ ታላቅ እህት ነበረች። የንስሐ አባት አለ፤ በይፋት በኩል ያሉ ቤተሰቦች የሚያምኑት ኡስታዝ ይኖራቸዋል። ልጁ ራሱ አንድ ሰው ይምረጥ፤ እኛም ለዚያ ሰው «ከመጣብህ አትቆጣው፣ አደጋ ካለ ግን ጥራኝ» እንበለው።

ከተማ ተከራይተው ለሚኖሩት ደግሞ የአከራይዋና አብረው የሚኖሩት ልጆች ስልክ ወላጅ እጅ ላይ ይኑር። አንድ የቤተሰብ ቃልም ተስማሙ። ለምሳሌ «ብርድ ልብሱን ላኩልኝ» ካለች «ሰው አጠገቤ አለ፣ ማስረዳት አልችልም፣ ድረሱልኝ» ማለት ይሁን። ያንን ቃል ስትሰሙ በስልክ «ምን ሆንሽ? ማን ነው?» ብላችሁ አታፋጧት። «እሺ፣ ይመጣል» በሉና ዝጉ፤ ከዚያ ለአከራይዋ ወይም እዚያው ከተማ ላለ ዘመድ ደውላችሁ አሁኑኑ በር ላይ እንዲደርስ አድርጉ።